«እጅህን ስጥ» ሲባል የተከበበ አዛዥ ለማን ይመልሳል?

ማርች 22 ቀን 1884 እ.ኤ.አ. የሱዳን አማጺዎች መሪ የመሐመድ አሕመድ አል-ማህዲ መልእክተኞች ካርቱም ገብተው ለጄኔራል ቻርልስ ጎርደን ደብዳቤና የተጣጣፈ ጁባ አስረከቡ። ጁባው የማህዲ ተከታዮች ልብስ ነው፤ ጎርደንም ልብሱን ለብሶ፣ እምነቱን ተቀብሎ እጁን እንዲሰጥ ተጠየቀ። አልቀበልም አለ። ከሳምንታት በፊት እሱም ለማህዲ የክብር ካባ ልኮ የኮርዶፋንን ሱልጣንነት ሰጥቶት ነበር። ኮርዶፋን ግን የኤል ኦቤይድ ከተማ ከወደቀችበት ከ1883 መጀመሪያ ጀምሮ በማህዲ እጅ ነበረች። ያሸነፈ ሰው የራሱን አገር በስጦታ አይቀበልምና ካባው ተመለሰ። ሁለቱም ሌላው ይገብርልኛል ብለው ነበር የተጻጻፉት።

የተከበበ አዛዥ ሲመልስ የሚሰሙት ሦስት ወገኖች ናቸው። አንደኛው የከበበው ጠላት ነው። ሁለተኛው ከአዛዡ ጋር የታጠረው ሕዝብና ወታደር ነው፤ በካርቱም ውስጥ ወደ 34,000 ሰው ነበረ። ሦስተኛው ሩቅ ያለው መንግሥት ነው። ለንደን ጎርደንን የላከችው ሱዳን የነበረውን የግብፅ ጦር እንዲያስወጣ ነበር፤ ረዳት ጦር ለመላክ ግን እስከ ኦገስት ድረስ አመነታች። ጎርደን ማህዲን እምቢ ባለ ቁጥር ለንደንን «ድረሱልኝ» እያለ ነበር።

በኦክቶበር የማህዲ ጥያቄ መልኩን ለወጠ። የጎርደን ረዳት ኮሎኔል ስቱዋርት «አባስ» በተባለች መርከብ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ተገድሎ፣ የያዘው ወረቀት ሁሉ ተማርኮ ነበር። ማህዲ የምሽጉን የስንቅና የጥይት ሁኔታ ከራሱ ከጎርደን መዝገብ አውቆ «ሁሉን ደርሼበታለሁ» ሲል ጻፈለት። ጎርደን መርከቢቱ ብትያዝም ባትያዝም ለእሱ ለውጥ እንደሌለው፣ እንደ ብረት ጸንቶ እንደሚቆይ መለሰ። ይህ ቃል ወታደሩን አበረታ፤ ጎተራውን ግን አልሞላም።

እምቢታ የሚገዛው ጊዜን ነው። የተገዛው ጊዜ የሚጠቅመው ደግሞ ወይ ረዳት ከደረሰ፣ ወይ ሕዝቡ መውጫ ካገኘ ብቻ ነው። በጃንዋሪ 1885 ከካርቱም ማዶ የነበረው የኦምዱርማን ምሽግ ስንቁ አልቆ እጁን ሰጠ። ካርቱም ውስጥ አህያና ውሻ ይበላ ጀመር። ነጭ አባይ ሲጎድል በምዕራብ በኩል የምሽጉ ጫፍ ክፍት ሆነ፤ ጃንዋሪ 26 ሊነጋጋ ሲል የማህዲ ጦር በዚያ ገባ። የእንግሊዝ መርከቦች የደረሱት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በእምቢታው ጎርደን ብቻ ሳይሆን በሺህ የሚቆጠር የከተማው ሕዝብ አለቀ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ መቀሌ ላይ የእንዳየሱስ ምሽግ አዛዥ ጣሊያናዊው ሻለቃ ጋሊያኖም ምሽጉን እንዲለቅ ከራስ መኮንን ሲጠየቅ እምቢ ብሎ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ምንጩን ሲይዝበት የእምቢታው ዕድሜ በውሃው መጠን ተለካ። በድርድር፣ በአጼ ምኒልክ ፈቃድ፣ ወታደሮቹን ከነመሣሪያቸው ይዞ በጃንዋሪ 1896 ወጣ። ምኒልክ ምሽጉን ያለ ተጨማሪ ደም ያዙ፤ የጋሊያኖ ወታደሮችም ከውሃ ጥም ዳኑ። «እጅህን ስጥ» የሚለው ጥያቄ መውጫ መንገድ ሲታከልበት የሚመለሰውም መልስ ይለወጣል።

ጥያቄው በካርቱም በዘመናችንም ተመልሶ መጥቷል። ዛሬ ጀብራ የተባለችው የካርቱም ሰፈር ያለችበት ቦታ በጎርደን ጊዜ ከካርቱም ምሽግ ውጭ፣ ወደ ከላክላ በሚወስደው አቅጣጫ ነበር፤ ከላክላ ላይ የሰፈረው ደግሞ የማህዲ አሚር ወድ አል-ኑጁሚ ነው። በኦገስት 2023 ከሱዳን ጦር ጋር ይዋጋ የነበረው የፈጥኖ ደራሽ ኃይል በጀብራ አቅራቢያ ሸጀራ የሚገኘውን የጦሩን የብረት ለበስ ሰፈር አጠቃ። ጦር ሰፈሩ እጁን አልሰጠም፤ የሱዳን ጦርም በማርች 2025 ካርቱምን መልሶ ያዘ። በወታደር ሚዛን ይህ ጽናት ነው። በዙሪያው ለሚኖሩ ሰዎች ግን ትርጉሙ በቤታቸው ላይ የወደቀ ጥይትና ስደት ነበር፤ ከነሱም መካከል በመተማ በኩል ወደ አገራቸው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ስለዚህ የተከበበ አዛዥን በጀግንነቱ ብቻ መመዘን አይበቃም። «አልሰጥም» ሲል ስንት ቀን የሚያቆይ እህልና ውሃ እንዳለው፣ ማን እንደሚደርስለት፣ ሴቱና ሕፃኑ በየት በር እንደሚወጣ መጠየቅ አለበት። የከበበውም ሲቪሉን ከምሽጉ ጋር ካጠረ በደሙ ተጠያቂ ነው። አዛዡ በራሱ ሕይወት መወሰን ይችላል፤ ባላማከረው ሕዝብ ሕይወት ላይ ግን ብቻውን የመወሰን መብት የለውም።