ጀልባ ለመጎተት አሮጌውን አውቶሞቢል ስለ ማዘጋጀት

ሰው ዕቃ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ ዕቃው ነው እንጂ ስለ ተሸካሚው አይደለም። በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖር ባለ ታንኳ ይህ ችግር የለበትም፤ ታንኳው ከደንገል የተሠራ ቀላል ነገር ስለ ሆነ ሥራውን ሲጨርስ ከውሃ አውጥቶ በዳር ያደርቀዋል። በአዲስ አበባ ተቀምጦ በላንጋኖ ሐይቅ ላይ ጀልባ ለመንዳት የሚወድ ሰው ግን ጀልባውን ከነሞተሩ በተሳቢ ጭኖ 200 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድና መመለስ አለበት። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ይህን ጕዞ ለሚያስቡ አንባብያን የሚጠቅም ምክር ልንሰጥ ወደናል።

በኡራኤል ሰፈር የምናውቃቸው አንድ የተከበሩ ሰው ከጥቂት ጊዜ በፊት ለልጆቻቸው ጀልባ ገዙ። አውቶሞቢላቸው ከ1972 ዓ.ም. እስከ 1982 ዓ.ም. ገደማ ሲሠራ ከነበረው ዐይነት የሆነ ላንድክሩዘር ነው። ለወዳጆቻቸው የሞተሩን ብርታት እያመሰገኑ ሲናገሩ ባለቤታቸው እመቤት ሰምተው፥ «ዳገቱንስ አውቶሞቢልዎ ይጎትተው፤ ቁልቁለቱን ግን ማን ይይዘዋል?» ብለው ጠየቁ። እኛ እንደሚመስለን የነገሩ ሁሉ ሥር በዚህ ጥያቄ ውስጥ ይገኛል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ባስጎተቱ ጊዜ፥ ወራት የፈጀባቸው የመድፉ ክብደት ብቻ አልነበረም። አስቀድሞ መንገዱ መደልደል ነበረበት፤ በጅዳና በበሽሎ ገደል ሲወርዱም ሠራዊቱ ከኋላ ሆኖ በጠፍር እየያዘ መንኰራኵሩን ይገታው ነበር። ከዚህ የምንረዳው፥ የሚጎትት ሰው ከሚስብበት ኀይል ይልቅ ለሚገታበት ኀይል መጨነቅ እንደሚገባው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ክብደቱን ማወቅ ነው። ለምሳሌ ጀልባው 400፥ ሞተሩ 120፥ ነዳጁና ልዩ ልዩው ዕቃ 70፥ ተሳቢው 250 ኪሎ ቢሆን፥ ድምሩ 840 ኪሎ ይሆናል። በግምት ከመሄድ ግን የጭነት መኪና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አውጥቶ ማስመዘን ይሻላል። ከዚያም በአውቶሞቢሉ መጽሐፍ ውስጥ ይጎትት ዘንድ ከተፈቀደለት ልክ ጋር ይመሳከር። መጽሐፉ የሚናገረው ግን አዲስ ስለ ነበረው አውቶሞቢል ነው፤ 40 ዓመት ያገለገለ አውቶሞቢል ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ቢጭኑበት ይመረጣል።

የተሳቢው ምላስ በጋንቾው ላይ የሚያሳርፈው ክብደትም ልክ አለው። ይኸውም ከጠቅላላው ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል ቢሆን፥ መጽሐፉም ከሚፈቅደው ባይበልጥ ደኅና ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ተሳቢው በመንገድ ላይ እንደ ዓሣ ጅራት ይወዛወዛል፤ ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ የአውቶሞቢሉ ጀርባ ይጐብጥና የፊት ጎማዎቹ መሬቱን አጥብቀው መያዝ ይሳናቸዋል። ይህንም ሰው በሚመዘንበት ተራ ሚዛን የተሳቢውን ምላስ በማሳረፍ መለካት ይቻላል።

የካዛንቺስ ስም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች እንደ መጣ ይነገራል፤ ጋንቾ፥ ባሌስትራ፥ ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ የሚባሉትም ቃላት ከዚያው ቋንቋ መጥተው በጋራዦቻችን ቀርተዋል። ጋንቾው በሻንሲው ላይ በጠንካራ ብሎንና ዳዶ ይታሰር እንጂ በኋላ መከላከያው ላይ ከቶ አይበየድ። በያጁ ሥራውን ከመጀመሩ በፊትም ሻንሲው ታጥቦ ዝገት እንዳልበላው በመዶሻ እየተመታ ይመርመር። የጋንቾው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ፤ 2 ኢንች የሆነም አለ። ሁለቱ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ትንሹ ኳስ በትልቁ ጽዋ ውስጥ ሲላላ በጕድጓድ መንገድ ላይ ሊወጣ ይችላል። ይህ ቢሆን እንኳ ተሳቢው እንዳይለይ፥ ሁለት ሰንሰለት ከምላሱ በታች ተመሳቅሎ ይታሰር።

እንግዲህ ወደ እመቤቲቱ ጥያቄ እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ላንጋኖ ግን በ1,585 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በቢሾፍቱ፥ በሞጆ፥ በመቂና በዝዋይ በኩል የሚሄድ ሰው ከ700 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሲመለስም ያንኑ ይወጣል። መሄጃው የፍሬን ፈተና ነው፤ መመለሻው የሞተር ፈተና ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ያረጀው ዘይት በረዥም ቁልቁለት ሲግል በውስጡ ያለው ውሃ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ነጂው ቢረግጥ መርገጫው ባዶ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ዘይቱ በሙሉ ይቀየር፤ የፍሬኑ ሸራ፥ የጎማ ቱቦውና የእጅ ፍሬኑም ይፈተሹ። በአውሮፓ አገሮች ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ የሚበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ይኖረው ዘንድ ሕግ ያዛል። በተሳቢያችን ላይ ፍሬን ከሌለ፥ ከላይ የቈጠርነው 840 ኪሎ ሁሉ ልጆች በተቀመጡበት ወንበር ጀርባ የሚገፋ መሆኑን አንርሳ። ነጂውም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ እንዲገታው ያድርግ፤ ፍሬኑን ያለ ማቋረጥ አይርገጥ።

ሞተሩን በተመለከተ፥ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኀይሉ ከ5 እጅ 1 እጅ ያህል ያጣል። ውሃም በዚህ ከፍታ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ውስጡን አፍኖ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ስለሚያግዝ፥ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን በአዲስ ይለወጥ። ራዲያተሩ ከውስጥም ከውጭም ይታጠብ፤ ማኒኮቶው፥ ቺንጋውና ቴርሞስታቱ ያረጁ እንደ ሆነ ይቀየሩ። በመመለሻው ዳገት የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ካዩ፥ ከመንገድ ወጥቶ ማሳረፍ ብልኀት ነው፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን አይከፈት። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከሆነም ጀልባውን ለማሰብ ጊዜው ገና ነው።

የላንድክሩዘሩ ባሌስትራ በዕድሜ ብዛት ተዘርግቶ እንደ ሆነ ይታደስ። የካምቢዮውና የዲፈረንሲያሉ ዘይት ይቀየር፤ ኩሽኔታዎቹም ግራሶ ይሞሉ። ጎማን ጥርሱን ብቻ ዐይቶ ማመን አይገባም። በጎኑ ላይ የተጻፈው ባለ አራት አኀዝ ቍጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት በፈረንጅ አቈጣጠር ይናገራል፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው፤ ይኸውም በ2011 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ ገደማ ነው። ዓመታት ቆሞ የኖረ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ይሰነጠቃል። ለተሳቢውም ስኮርታ ይያዝ፤ የኋላ መብራቱና ፍሬቻው ከአውቶሞቢሉ ጋር አብረው መብራታቸው ይታይ።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነጂው ራሱ ይለማመድ። ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዳ መሪው ወደ ቀኝ ቢዞር ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳልና፥ ይህን በኡራኤል ጠባብ መንገድ ላይ ሳይሆን በሰፊ ሜዳ መማር ይገባል። ሐይቁ ዳር በደረሱ ጊዜ የተሳቢው ኩሽኔታ ሳይበርድ ወደ ውሃ አይግባ፤ የጋለው ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ጀልባው ሲወርድ በአውቶሞቢሉ ውስጥ ከነጂው በቀር ማንም አይቀመጥ፤ ልጆች ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ከጎማው በታችም ድንጋይ ይደገፍ። በጀልባው ላይ የሚወጣ ሁሉ መንሳፈፊያ ልብስ ይልበስ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፥ ያለውን አሮጌ አውቶሞቢል ጠብቆ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ ይጠቅማል። ነገር ግን መጠበቅ ማለት ከዐቅሙ በላይ አለመጫን ማለት ደግሞ ነው። ምርመራው አውቶሞቢሉ እንደማይችል ቢያሳይ፥ ጀልባውን በጭነት መኪና አስጭኖ በሐይቁ ዳር ለሚጠብቅ ሰው መስጠት፥ ወይም በዚያው ጀልባ መከራየት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ልጆች የሚወዱት ውሃውን ነውና፥ በምን እንደ ደረሰ አይጠይቁም፤ አባትና እናት ግን ሁሉም በደኅና እንዲመለሱ አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባቸዋል።