ቮልስን በአቅም ማደስ

አሮጌ ቮልስ ሊገዛ የሄደ ሰው ቀለሟን ያያል፣ ሞተሯን ያስነሳል፣ ያንን የሚታወቅ ድምፅ ሲሰማ ልቡ ይከዳዋል። ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ግን ቢንበረከክ ይሻለዋል። ከበሮቹ ስር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት፣ ከኋላ ወንበር ስር ያለው የባትሪ መቀመጫ፣ የፊት እግሮቿ ከወለሉ ጋር የሚያያዙበት ቦታ፦ እነዚህ ከበሰበሱ ላይዋ ቢያብረቀርቅም ገንዘብ ትበላለች። ሞተር ወርዶ ሌላ ሊገባላት ይችላል። የተበላ ወለልን ግን ቆርጦ፣ አዲስ ላሜራ ቀርጾ፣ በይዶ ማስተካከል ረጅም የእጅ ሥራ ነው፤ የሚያስከፍለውም እሱ ነው።

ቮልስ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፈርዲናንድ ፖርሽ መሪነት ጀርመን ውስጥ ተነደፈች። የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። የእኛ ሰው ደግሞ በሌላም ያስታውሳታል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ያን ጊዜ መንገድ ላይ ከነበሩት እህቶቿ ጥቂት የማይባሉት ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት ይወጣሉ። ይህን ናፍቆት ብቻ አላደረገውም። ራዲያተር የላትም፤ ውሃ አታፈላም። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ልምድ ያለው መካኒክ ረዳትና ክሪክ ካገኘ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ያወርደዋል። አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ የተጨማደደውን ፈትቶ ሌላ ማሰር ይቻላል። በአነስተኛ ገንዘብ እድሳት የሚቻለው መኪናዋ ከመጀመሪያው ለአነስተኛ ኪስ ስለተሠራች ነው።

ወደ ግዢው መለስ እንበል። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ስር መሐል ላይ፣ የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ በታች ተመትቷል። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር ካልገጠሙ የቱንም ያህል ብትረክስ ይቅርባችሁ፤ የወረቀት ጣጣ ከዝገት ይብሳል። ከዚያ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በአካሏ ላይ ማስኬድ ነው። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ላሜራው በስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው፤ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባች ቮልስ ደግሞ ስቱኮ አይጠፋትም። ሞተሩ ጠፍቶ ከኋላ ቺንጋው የሚዞርበትን ትልቁን ፑሊ ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መግፋትና መሳብም ጥሩ ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ እንቅስቃሴው በእጅ አይታወቅም፤ ቋ፣ ቋ ካለ ግን የሞተሩ ቤት ራሱ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሞተሯ የሞተ ግን ሙሉ የሆነች መኪና፣ ከምትነዳና መስታወቷ፣ እጀታዋ፣ መብራቷ ከጎደለባት ትሻላለች። ጥቃቅኑን ጎዶሎ ማሳደድ ሞተር ከመግዛት በላይ ኪስ የሚያራግፍበት ጊዜ አለ።

ገንዘቡ የሚያልቀው በቅደም ተከተል ስህተት ነው። ሰው ከቀለም ይጀምራል፤ ምክንያቱም ቀለም ጎረቤት የሚያየው ነው። ከዚያ ባትላሜራው ወለሉን ሲበይድ አዲሱ ቀለም ይቃጠላል፣ እንደገና ይከፈላል። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ወለልና ብየዳ፣ ቀጥሎ ፍሬን እላለሁ። በተለይ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጡና ዘይቱን ይዘጋሉ፤ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ስትጎትት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አብሮ መቀየር ያለበት የቤንዚን ቱቦ ነው። ሞተሩ አጠገብ የሚያልፈው ያረጀ ቱቦ ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ በጋለ ብረት ላይ ይንጠባጠባል፤ ስንት ቮልስ በዚህ ተቃጥላለች። የቱቦው ዋጋ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው ይከተላል፤ ቀደምቶቹ ባለ 6 ቮልት መሆናቸውን ሳያስተውል ባለ 12 አምፖል የገዛ ሰው የደበዘዘ መብራት ይጠብቀዋል።

ሲፈታ ሁሉን በአንድ ቀን መፈታታት አይመከርም። የዛገውን ብሎን ናፍጣ አጠጥቶ ማሳደር፣ የወጣውን በየጣሳው ለይቶ ስሙን መጻፍ፣ ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ለመልሶ መግጠሚያው ግማሽ ሥራ ነው። ጋራዥ ጥግ ላይ በበርሜል ተሞልታ የቀረች ቮልስ ያላየ የለም።

ሞተሩ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ችግር አላት። 1200 የሚባለው ሞተር በፋብሪካው ወረቀት 34 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ይህ ግን በባሕር ጠረፍ ነው። እዚህ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሩብ ያህሉ ጉልበት ይጠፋል። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ አገር እንደተሠራ ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ትታፈናለች። ይህን ምልክት አይቶ «ሞተሩ አልቋል» ብሎ የሚፈርድ መካኒክ አለ። ከመፍታቱ በፊት የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ያስለኩ፤ ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚኑን የምትመጥነውን ባለቀዳዳ ነሐስ በጠባብ መቀየር ብቻ በቂ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ሲሊንደር ለብቻው ከደከመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቀደሙት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ስለሚጋርድ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ ባልቮላው ቀድሞ የሚቃጠለውም እሱ ነው።

ዕቃ ፍለጋው ሶማሌ ተራ ይጀመራል፤ አገልግሎት የሰጠ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ በር እዚያ ይታያል። ፍሬንና የሞተር ውስጥ ዕቃ ግን አሮጌ ባይገዛ ይመረጣል። መኪናዋ ብራዚልና ሜክሲኮ ውስጥ ለረጅም ዘመን ስለተመረተች፣ ወዳጆቿም በዓለም ሁሉ ስላሉ፣ አዲስ ዕቃ ዛሬም ይሠራላታል። ጓርኒሲዮን፣ የፍሬን ጎሚኒና ካንዴላ ቀላል ስለሆኑ ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ጥግ ይገባሉ።

ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ገንዘብ ካለቀም ይቆይ። ቦሎ ለመለጠፍ ምርመራ ስትገባ ፍሬኗና መብራቷ ናቸው የሚታዩት። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ትንሽ ነው፦ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ፊልትሮ ስለሌላት ሳይዘገይ፤ በዚያው ቀን ሞተሩ ቀዝቅዞ ባልቮላውን ማስተካከል፤ መለዋወጫ ቺንጋ ደግሞ ከፊት ኮፈኑ ውስጥ ከክሪኩ ጋር። ቺንጋው ከተበጠሰ ማራገቢያውም ዲናሞውም ይቆማሉና ቀይ መብራት ስታበራ ቤት ልድረስ አይባልም፤ ወዲያው ዳር ይዞ ማጥፋት ነው።