የሕግ ተማሪ መጀመሪያ «መቼ?» ብሎ የሚጠይቀው ለምንድን ነው?

ጓደኞቼ፣ ሰሞኑን አንድ ነገር ገባኝና ለእናንተ ካልነገርኩ እረፍት የለኝም። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ገና ያልተመረቀ፣ የጥብቅና ፈቃድ የሌለው የሕግ ተማሪ፣ መርካቶ ውስጥ ደመወዙን ለተከለከለ ሰው ምን ሊያደርግለት ይችላል? መልሱ «ብዙ!» ነው። እንዴት እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ። ሕግ የሚባል ነገር አንብባችሁ የማታውቁ ብትሆኑም ይገባችኋል።

ከመነሻው እንጀምር። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማእከላት አሏቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐዋሳና ጅማም አላቸው። ተማሪዎቹ የገንዘብ አቅም የሌላቸውን ባለጉዳዮች ይቀበላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ያማክራሉ፣ ማመልከቻ ይጽፋሉ። ከበላያቸው መምህር ወይም ልምድ ያለው ባለሙያ ሆኖ ሥራቸውን ይመለከታል። ተማሪው ፈቃድ ስለሌለው እንደ ጠበቃ ችሎት አይቆምም። «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ትሉ ይሆናል። ቆዩ!

አንድ ልጅ እናስብ። ከገጠር መጥቶ መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ጠዋት 2 ሰዓት ይገባል፣ ማታ 1 ሰዓት ይወጣል። አንድ ቀን ባለሱቁ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለው። የሁለት ወር ደመወዝ አልተከፈለውም። ወረቀት ላይ የሰፈረ ውል የለውም። ልጁ ተማሪዋ ፊት ቁጭ ብሎ ያወራል። እንዴት እንደተሰደበ፣ በበዓል ቀን እንዴት እንደሠራ፣ እናቱ ታማ ፈቃድ እንዴት እንደተከለከለ ይነግራታል። ተማሪዋ እስኪጨርስ ታዳምጠውና መጀመሪያ የምትጠይቀው ይሄን ነው፦ «እንዳትመጣ ያለህ በየትኛው ቀን ነው?»

ለምን መሰላችሁ? በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት «ያለአግባብ ተባርሬያለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ» ለማለት ያለው ጊዜ 3 ወር ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ለመጠየቅ ደግሞ ክፍያው ሊፈጸም ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር። ጊዜው ካለፈ ሌላው ወገን «ይርጋ ነው» ብሎ ይከራከራል፣ እውነቱን ይዘህ ሳለ በሩ ይዘጋብሃል። ልጁ «ትንሽ ልታገሥ፣ ሽማግሌ ልላክ» እያለ በየቀኑ ሲያመነታ ያ ጊዜ እየነጎደ ነበር! ይሄን ስሰማ ክው አልኩ። ስንቱ ሰው ይሆን ሽማግሌ ሲጠብቅ መብቱ ያለፈበት?

ሁለተኛው ጥያቄዋ ይከተላል፦ «ሥራውን የሚያዝህ ማን ነበር? ደመወዝህንስ የሚሰጥህ?» ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ውል እኮ የለኝም» ይላል። እኔን ያስፈነደቀኝ ቦታ እዚህ ጋ ነው። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም! አንድ ሰው በሌላው አመራር ሥር ሆኖ፣ በደመወዝ ለመሥራት ከተስማማ ውሉ አለ። በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ሳይሰጥ ቢቀር ደግሞ የሚጎዳው ሠራተኛው አይደለም፤ መብቱ እንዳለ ይቀጥላል። ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ «ወረቀት የለኝም፣ ምንም የለኝም» ብሎ ሲያስብ ኖሯል። ያለው ግን ሁሉም ነበር! ማረጋገጫው ከየት ይመጣል? ከጎረቤት ሱቅ ሠራተኛ፣ ሁልጊዜ ዕቃ ከሚያወርድለት ጫኝና አውራጅ፣ ደመወዙ በስልክ ሲላክ ከገባለት የቴሌብር መልእክት።

አሁን ተማሪዋ ወረቀት ታወጣለች። ቀኑን ትጽፋለች፣ ደመወዙን ትጽፋለች፣ ከ8 ሰዓት በላይ የሠራባቸውን ሰዓቶች በአንድ ተኩል እጥፍ ታሰላለች፣ ያልወሰደውን የዓመት ፈቃድ ትጨምራለች። የአንድ ሙሉ ቀን ወሬ ሁለት ገጽ ክስ ሆኖ ይወጣል። ዳኛ የሰውን እንባ ቆጥሮ መፍረድ አይችልም፤ በቀን፣ በገንዘብ መጠንና በአንቀጽ ላይ ግን መፍረድ ይችላል። የተማሪዋ ሥራ ይሄው ነው። ያን ሁሉ በደል ዳኛው ሊይዘውና ሊመዝነው በሚችል መልክ ማስቀመጥ።

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው፦ ሕግ ልክ እንደ መርካቶ ነው። የሌለ ነገር የለበትም፤ ግን ጨርቅ ፈልጎ እህል በረንዳ የገባ ሰው ቀኑን ሙሉ ተንከራትቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሸማ ተራ ወስዶ የሚያደርሰው ካገኘ ጉዳዩ ያልቃል። የሕግ ተማሪ ተራውን የሚያሳየው ሰው ነው።

ስለ ገንዘብ ትጠይቁኛላችሁ፣ አውቃለሁ። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ጉዳዩ ሌላ ዓይነት፣ ለምሳሌ የውርስ ወይም የብድር፣ ቢሆንም እንኳ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ «የደሃ ደንብ» የሚባል አለ። አቅም እንደሌለህ ለፍርድ ቤቱ ካስረዳህና ከተፈቀደልህ ክፍያውን ሳትከፍል ትከሳለህ። ይሄን ያህል ዘመን ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር ማለት ነው!

አንዳንዴ ግን ተማሪዋ ተራውን ፈልጋ ፈልጋ ገና እንዳልተሠራ ታገኘዋለች። አውቶቡስ ተራ የሚወርዱትን ልጃገረዶች አስቡ። ደላላ ይቀበላቸዋል፣ ሰው ቤት ይቀጠራሉ። ያው ሥራ ነው፣ ያው ድካም ነው። አዋጅ 1156/2011 ግን የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ ወሰን አውጥቶ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲታይ ትቶታል። ተማሪዋ ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ትመለስና ቁጥር 2601ን ታገኛለች፤ አሠሪው ቤቱ ለምትኖር ሠራተኛ ጤናና ደህንነት ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል። ለመነሻ አይከፋም፤ የሱቁ ልጅ ካለው ዝርዝር መብት ጋር ግን አይወዳደርም። ይሄ ልዩነት ያንገበግበኛል። ለሕግ ተማሪ ደግሞ ትልቁ ዕድል እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ መመረቂያ ጽሑፍ የሚያስፈልገው፣ ጥናት ተይዞ ደጅ የሚጠናበት ጉዳይ ይሄ ነው።

«አንድ ጉዳይ ሕግ ያስቀይራል እንዴ?» ለሚል፣ አበራሽ በቀለ አለችላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ገደለችና በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ ቆመላት፣ ራሷን መከላከሏ ታምኖ በነፃ ተሰናበተች። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ክሱን ያስቀርለት ነበር! በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን ማምለጫ አነሳው፤ ጠለፋንም ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከዓመታት በኋላ፣ በጥቅምት 2011፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የመጀመሪያዋ ሴት። እሳቸውም በአንድ ወቅት ስድስት ኪሎ የሕግ ተማሪ ነበሩ። የታሪኩ ዝና «ድፍረት» በተባለው ፊልም ዓለምን ዞሯል።

ከመካከላችሁ ሕግ የምትማሩ፣ ወይም ወንድም እህት ያላችሁ፣ በሮቹ ብዙ ናቸው። የነፃ ሕግ ድጋፉ አንዱ ነው። የሰብአዊ መብት ምስለ ችሎት ሌላው፤ ከፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የተነሳው የመላ አፍሪካው ውድድር ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአህጉሩን ተማሪዎች እያገናኘ ያከራክራል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አለ፤ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከሁሉም በፊት መርካቶ ውረዱ እላለሁ። አንድ ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ከሠራተኞቹ ጋር ሻይ እየጠጣችሁ የ3 ወሩን እና የ6 ወሩን ነገር ብቻ ንገሯቸው። ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ።

ጉዳይ ያለበት ሰው የምታውቁም ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከል ላኩት። ሲሄድ መታወቂያውን፣ ከሥራ የቀረበትን ቀን፣ ሲሠራ ያዩትን የሁለት ሦስት ሰዎች ስምና ስልክ፣ የደመወዙን የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት ይያዝ። መልእክቶቹን እንዳያጠፋቸው በሉት፤ ስልክ ሊቀይር ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ያስገልብጣቸው።