አሮጌ የእንጨት ሥራ መኪና ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው

በከተማችን አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሲዘጋ ወይም ባለቤቱ አዲስ መኪና ሲያስመጣ፣ ከግቢው ጥግ ተገፍቶ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅበት አንድ ከባድ ብረት ሳይታይ አይቀርም። አንዳንዱ ክብ መጋዝ፣ አንዳንዱ የሪባን መጋዝ፣ አንዳንዱም ጣውላ የሚልግ ባለ ሞተር ፒያላ ነው። ቀለሙ ተልጧል፤ ጠረጴዛው ዝጓል፤ መሸፈኛው ጠፍቷል። ይህን ብረት በኪሎ አስመዝኖ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ የሚሸጠው ሰው ብዙ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በዋጋው ርካሽነት ተደስቶ ሳይመረምር የሚገዛው ሰው አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም ሰዎች ከመወሰናቸው አስቀድሞ ሊያውቁት የሚገባቸውን ነገር መግለጽ፣ እንዲሁም በዚህ መካከል የአስመጪውና የባለ ሱቁ ድርሻ ምን እንደ ሆነ ማሳየት ነው።

እኔ ነገሩን የተማርሁት በገንዘቤ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በትርፍ ጊዜዬ በግቢዬ ውስጥ ለምሠራው የእንጨት ሥራ አንድ አሮጌ ባለ ሞተር ፒያላ ገዛሁ። ሻጩ «ሞተሩ ደኅና ነው፤ ሰክተው ይሥሩበት» ብሎኝ ነበር። ወደ ቤቴ ካስጫንሁት በኋላ ግን ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ፣ ወደ ቤቴ የገባው መስመር ደግሞ ባለ አንድ ፌዝ መሆኑን ተረዳሁ። የስለቱ መሸፈኛ አልነበረም፤ ኩሽኔታዎቹም ይንኳኩ ነበር። ስለዚህ መኪናው ስምንት ወር ሙሉ ሸራ ለብሶ ያለ ሥራ ቆመ።

አሮጌው ብረት ስለ ምን ዋጋ አለው

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤንታም ስለ እንጨት ሥራ መኪናዎች ሰፊ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1793 ነው። ከ1803 ጀምሮም በፖርትስመዝ የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ ማርክ ብሩነል ያቀዳቸውና ሄንሪ ሞድስሌይ የሠራቸው መኪናዎች ተተክለው የመርከብ ገመድ የሚሳብባቸውን የእንጨት መዘውሮች ያመርቱ ጀመር። ከእነዚህ መኪናዎች አንዳንዶቹ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በሥራ ላይ መቆየታቸው፣ በደንብ የተሠራ ብረት ከሠሪውም ከገዢውም ዕድሜ አልፎ እንደሚያገለግል ማስረጃ ነው።

የብርታቱም ምክንያት የታወቀ ነው። የደኅና መኪና አካልና ጠረጴዛ የሚሠራው ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከሚፈስ ብረት፣ ማለት የእጅ ባለሙያዎቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው «ጊዛ» ከሚሉት ነው። በጊዛ ውስጥ በደቃቅ ቅጠል መልክ የተበተነ ግራፋይት ስላለ መንቀጥቀጥን ይውጣል። ክብደቱም መኪናውን በመሬት ላይ አጽንቶ ይይዘዋል። በቀላል ዋጋ ከሚሸጡት አዳዲስ የቤት መኪናዎች ብዙዎቹ ግን አካላቸው ስስ ቆርቆሮና አሉሚኒየም ስለ ሆነ በሥራ ጊዜ ይንቀጠቀጣሉ፤ የላጉት ጣውላም ሞገድ ያወጣል።

ከመግዛት በፊት የሚመረመረው

ጊዛ አይጎብጥም፤ ይሰበራል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚፈለገው ስንጥቅ ነው። ብረቱ በትንሽ መዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ደኅናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ የታፈነ ይሆናል። የጊዛ ስንጥቅ በተራ ብየዳ ስለማይድን አካሉ የተሰነጠቀ መኪና በኪሎ ዋጋም ቢሆን ውድ ነው።

ሁለተኛው ጠረጴዛው ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁሙና በአግድሙ ተጋድሞበት ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ እንደ ሆነ ጠረጴዛው ተጣሟል ማለት ነው። ሦስተኛው ስለቱን የሚሸከመው ዘንግ ነው፤ በእጅ ተይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ መንቀሳቀስ የለበትም። በመጨረሻም በመኪናውና በሞተሩ ላይ የተለጠፉት የብረት ሠሌዳዎች ሳይነበቡ ገንዘብ አይከፈልም። እኔ ሠሌዳውን አንብቤ ቢሆን ኖሮ ስምንቱ ወር ባልባከነም ነበር።

ዝገት ግን ሊያስፈራ አይገባም። የላይ ላይ ዝገት በላምባና በሽቦ ብሩሽ ይለቃል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለአሮጌው ቀለም ነው፤ በውስጡ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ደረቁን ፍቆ አቧራውን ከመሳብ በውኃ እያራሱ መፋቅ ይገባል።

ኩሽኔታና ቺንጋ

ብዙ ገዢዎች «ፋብሪካው ከተዘጋ መለዋወጫው ከየት ይመጣል?» ይላሉ። መልሱ በቁጥሩ ላይ ነው። በኩሽኔታው ቀለበት ላይ 6205 የሚል ቁጥር ቢገኝ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች በ5 ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ ስፋት ይሰጣሉ፤ ይኸውም 25 ሚሊሜትር ነው። የዚህ ኩሽኔታ የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። ይህ አቆጣጠር ከ04 ጀምሮ ላሉት የተለመዱ ቁጥሮች የሚሠራ ሲሆን፣ ኩሽኔታው በየትኛውም አገር ቢሠራ መጠኑ አይለወጥም። ለእንጨት ሥራ ግን ብናኝ እንዳይገባበት በሁለቱም ወገን በጎማ የተዘጋውን መምረጥ ይገባል። በአንዳንድ የጥንት የእንግሊዝና የአሜሪካ መኪናዎች ላይ መጠኑ በኢንች ስለ ሆነ በካሊብሮ ሳይለኩ ማዘዝ ኪሳራ ነው።

ቺንጋም እንዲሁ ነው። ኤ-42 የሚል ጽሑፍ ያለበት ቺንጋ ስፋቱ 13 ሚሊሜትር፣ የውስጥ ርዝመቱ 42 ኢንች ማለት ነው። እኔም ኩሽኔታውንና ቺንጋውን በቁጥራቸው ጠይቄ በአንድ ቀን አገኘኋቸው፤ «የአሮጌ ፒያላ ኩሽኔታ» እያልሁ በጠየቅሁባቸው ቀናት ግን ባለ ሱቆቹ ሁሉ «የለም» ብለው መልሰውኝ ነበር። ዕቃው በመደርደሪያቸው ላይ ነበረ፤ የጎደለው ስሙ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ

በአገራችን የቤት መስመር ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ከአሜሪካ ለ60 ሄርዝ ተሠርቶ የመጣና በደቂቃ 3,450 ጊዜ የሚዞር ሞተር በእኛ መስመር 2,875 ያህል ብቻ ይዞራል፤ ከልክ በላይ ሊሞቅም ይችላል። ለ115 ቮልት የተሠራ ሞተር በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።

ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሠሌዳው 220/380 የሚል ከሆነ መፍትሔ አለው። ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት ተቀብሎ ባለ ሦስት ፌዝ 220 ቮልት የሚያወጣ ኢንቨርተር ይገዛል፤ የሞተሩም ሽቦዎች በባለሙያ እጅ በሦስት ማዕዘን አያያዝ ይታሰራሉ። ሠሌዳው 380/660 የሚል እንደ ሆነ ግን ይህ ዘዴ አያገለግልም።

ሞተር የሚለውጥ ሰው የፑሌጃውን ስፋት ማስላት አለበት። የሞተሩ ዙር በሞተሩ ፑሌጃ ስፋት ተባዝቶ ለዘንጉ ፑሌጃ ስፋት ሲካፈል የዘንጉን ዙር ይሰጣል። ለምሳሌ በደቂቃ 2,850 ጊዜ የሚዞር ሞተር በ120 ሚሊሜትር ፑሌጃ 75 ሚሊሜትር ፑሌጃ ያለውን ዘንግ ሲያዞር፣ ዘንጉ 4,560 ጊዜ ይዞራል። ውጤቱ የመኪናው ሠሌዳ ከሚፈቅደው በላይ ሊሆን አይገባም።

ስለ እጅ ደኅንነት

ኩሽኔታው ተለውጦ ኤሌክትሪኩም ከተስተካከለ በኋላ የቀረኝ የስለቱ መሸፈኛ ብቻ ነበር። «እርሱ በኋላ ይሠራል» ብዬ ሞተሩን አስነሣሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ አንዲት አጭር የዝግባ ቁራጭ ስልግ ስለቱ እንጨቷን መንትፎ ወረወራትና እጄ በባዶው ላይ ወደቀ። ከቀኝ እጄ የአንዱን ጣት ጫፍ ከነጥፍሩ ወሰደው። የጽሕፈት መኪና በመታሁ ቁጥር ዛሬም ይሰማኛል።

ሐኪሙ «ዕድለኛ ነህ» ያለኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። የእኔ መኪና ስለት የታሰረበት ዘንግ ክብ ነው። በጥንቶቹ መኪናዎች ላይ ያለው ዘንግ ግን አራት ማዕዘን በመሆኑ፣ በማዕዘኖቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ እጅን ስቦ ያስገባል። እንዲህ ያለውን መኪና ለመታሰቢያ ካልሆነ በቀር ለሥራ መግዛት አይገባም። ክቡም ቢሆን ያለ መሸፈኛ አይነሣም፤ ከ30 ሴንቲሜትር ያጠረ እንጨትም አይላግበትም። ለክብ መጋዝም ከስለቱ ጀርባ የሚቆመው ቀጭን ብረት፣ እንጨቱ መጋዙን ነክሶ ወደ ሠራተኛው እንዳይወረወር ስለሚከለክል ሊወልቅ አይገባም። ብናኙም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጽሑፍ የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መድቦታል።

ለነጋዴው

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። የአሮጌ መኪና ሀብቱ በትልቁ ብረት ነው፤ ወጪውና አደጋው ግን በትንንሾቹ ዕቃዎች ላይ ነው። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ የሁለቱን ሠሌዳዎች ጽሑፍ በደረሰኙ ላይ ቢገለብጥና የጎደለውን ዕቃ ቢዘረዝር፣ ገዢው ቅር ተሰኝቶ አይመለስበትም። ባለ ሱቁም ኩሽኔታና ቺንጋ በቁጥራቸው መዝግቦ ቢይዝና ካሊብሮ በጠረጴዛው ላይ ቢያኖር፣ ስሙን የማያውቀውን ዕቃ ይዞ የሚመጣውን ደንበኛ ባዶ እጁን አይሰደውም።

መሸፈኛውን ግን ማንም «በኋላ» አይበለው። መሸፈኛ የጎደለውን መኪና የሚሸጥ ሰው፣ መሸፈኛው ተሠርቶ እስኪገጠም ድረስ ባያስረክብ መልካም ነው። የዘገየ ሽያጭ በሌላ ቀን ይካካሳል፤ የተቆረጠ ጣት ግን መለዋወጫ የለውም።