አማካሪውና ርዕሰ መምህሩ፦ በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት የሙያ ዕድገትና የሥራ ግንኙነት



የትምህርት ቤት አማካሪ በሙያው የሚያድገው በሥልጠና ብቻ ነውን? መልሴ ከራሴ ስሕተት ስለሚነሣ ከዚያው ልጀምር።

ከ20 ዓመታት ገደማ በፊት በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት አማካሪ ነበርሁ። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ቤተሰቦቿ ሊድሯት መሆኑን በምስጢር ነገረችኝ። ወዲያው ለርዕሰ መምህሩ አስታወቅሁ። እርሱም በቅን ልቡና አባቷን አስጠርቶ በእርሷ ፊት ገሠጻቸው። በማግሥቱ ወንበሯ ባዶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ አልተመለሰችም።

ዝም ማለት ነበረብኝ አልልም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል፤ ምስጢር መጠበቅም ለአደጋ መሸፈኛ ሊሆን አይገባውም። ያጠፋሁት ልጅቱን ሳላማክር መናገሬ ነው። ማን፣ ለማን፣ መቼና በምን መንገድ እንደሚያሳውቅም ከርዕሰ መምህሩ ጋር አስቀድሜ አልተስማማሁም ነበር። የወሰድኋቸው ሥልጠናዎች ማዳመጥን እንጂ አብሮ መሥራትን አላስተማሩኝም።

የሥነ ልቡና ምሁሩ ኤድዋርድ ቦርዲን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ የሥራ ጥምረት ሦስት ምሰሶዎች እንዳሉት አስረድቷል፤ በግብ መስማማት፣ በተግባር መስማማት፣ እርስ በርስ መተማመን። ሐሳቡ ከሥነ ልቡና ሕክምና ቢነሣም፣ በ1983 ራሱ ቦርዲን ለአማካሪና ለሱፐርቫይዘር ግንኙነት ተጠቅሞበታል። እኔና ርዕሰ መምህሩ በግብ አንድ ነበርን፤ ሁለታችንም ልጅቱ እንድትማር እንሻ ነበር። የጎደለን የተግባር ስምምነት ነው። አማካሪው መዝጋቢ፣ ፈታኝና ቀጪ በሚሆንበት ትምህርት ቤት ደግሞ ሦስተኛው ምሰሶም ይናጋል፤ ትናንት የቀጣው ተማሪ ዛሬ ምስጢሩን አያካፍለውም። የአሜሪካ ትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪዎች አንድ አማካሪ እንዲመደብ ይመክራል፤ ነገር ግን የአማካሪው ቀን በሌላ ሥራ ካለቀ ቁጥሩ ብቻውን አይጠቅምም።

በአገራችን የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል ይጠይቃል። የሒሳብ መምህር ይህን ሰዓት ከሒሳብ መምህራን ጋር ያሳልፋል። አማካሪው ግን በትምህርት ቤቱ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ፣ በአካባቢው የነበሩ አማካሪዎች ተማሪዎቻቸው ያዩትን አብረው አይተዋል። እንዲህ ያለውን ሸክም የሚጋራ የሙያ ባልንጀራ ያስፈልጋል። ሸዋ ሮቢት፣ ካራ ቆሬና አጣዬ በአንድ የአስፋልት መንገድ ላይ ናቸው። የአማካሪዎች ጉድኝት ፈጥረው፣ የተማሪ ስም ሳይጠሩ፣ በወር አንድ ጊዜ በገጠሟቸው ጉዳዮች ላይ ቢመክሩ፣ ከዩኒቨርሲቲ አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ ቢደግፋቸው፣ ሥልጠናው በሥራ ላይ ሥር ይሰዳል።

ውድ ተማሪዎች፣ ስትመደቡ የመጀመሪያውን ተማሪ ከመቀበላችሁ በፊት ከርዕሰ መምህራችሁ ጋር ተቀመጡ። ሥራችሁ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳልሆነ፣ አደጋ ሲያጋጥም ማን ምን እንደሚያደርግ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። እኔ ያን ገጽ ሳልጽፍ ሥራ ጀመርሁ፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ተማሪዬ ናት።