የማን ልጅ ነህ? ሚሲዮናውያን፣ ቤተሰባቸውና የወጣቱ ጥያቄ

እሑድ ረፋድ ላይ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚሄድ ታክሲ የያዘ ሰው፣ ላምበረት ሳይደርስ የሃይማኖታችንን ታሪክ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ያየዋል። ከፊት ወንበር ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ የሚመለሱ እናት፣ ከኋላ ጊታሩን ጭኑ ላይ ያቆመ ወጣት። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ እናት ዝርዝር ያጣሉ፤ ልጁ ይከፍልላቸዋል። "ተባረክ ልጄ" ይሉና ዞር ብለው መጽሐፍ ቅዱሱንም ጊታሩንም ያዩታል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ "ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?"

ይህ ጥያቄ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። የውጭ ሚሲዮናውያን መጥተው የሰው ልጅ ሲያስተምሩ፣ ልጁ በመጨረሻ የማን ይሆናል? የወላጆቹ? የቤተ ክርስቲያኑ? የአስተማሪዎቹ? ወይስ የራሱ?

በአንድ ዘመን የተዘጉ ሁለት በሮች

ነገሩን ከሩቅ ለማየት ጃፓንን ማስታወስ ይጠቅማል። የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰዎች በ1549 እ.ኤ.አ. ጃፓን ገቡ፤ ወደ ኢትዮጵያም በዚያው ክፍለ ዘመን መጡ። ጃፓን በ1614 እ.ኤ.አ. ክርስትናን ከለከለች፤ በ1639 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፖርቱጋል መርከቦች ድርሽ እንዳይሉ አደረገች። እኛ ዘንድ አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ መሆናቸው አገሩን በደም አጥለቀለቀው፤ በ1632 እ.ኤ.አ. የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አስወጣ።

መመሳሰሉ በዚህ ያበቃል። ጃፓን የከለከለችው ክርስትናን ራሱን ነው። ኢትዮጵያ ግን ክርስትናዋን ለመጠበቅ ስትል ሌላውን ክርስትና ከለከለች። ስለዚህ በኋላ የመጣው ሚሲዮናዊ ሁሉ አንድ የሚከነክን ጥያቄ ይጠብቀው ነበር፦ የተጠመቀውን ሰው ምን ልታደርገው መጣህ?

የጋፋት ቤተሰቦች

ከአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ ሚሲዮናዊው ከነቤተሰቡ ታየ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሰፈሩት ከባዝል አካባቢ ከቅዱስ ክሪሾና የመጡ የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን ናቸው። ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ አስቀለጧቸው፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የወጣው ከእጃቸው ነው። ከመካከላቸው ቴዎፊሎስ ዋልድማየር፣ የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች።

በቤተ እስራኤል መካከል ያስተምር የነበረው ማርቲን ፍላድ ደግሞ የከበደ ዕጣ ወደቀበት። በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ላኩት፤ ሚስቱ ፓውሊነና ልጆቹ ግን እዚሁ ቀሩ። ለመመለሱ ዋስ ቤተሰቡ ነበር። ተመለሰም። ቤተሰቡ ነፃ የወጣው ግን መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ ነው። ሚሲዮናዊው ጥሪውን ራሱ ይቀበላል፤ ልጆቹ ግን ሳይጠየቁ ዕዳውን ይጋራሉ። ይህ በኋላም አልቀረም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በገጠር ጣቢያዎች የሚያድጉ የሚሲዮናውያን ልጆች ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከወላጅ ተለይተው አዳሪ ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር፤ በ1946 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተከፈተው የቢንግሃም አካዳሚ ለዚሁ የተቋቋመ ነው። አማርኛውን ከሞግዚትና ከዘበኛ የለመደ ልጅ እረፍት ሲሆን "አገሩ" ይሄዳል፤ እዚያ ግን እንግዳ ነው። እሱንም "የማን ልጅ ነህ?" ቢሉት ለመመለስ ይቸግረዋል።

የ1936ቱ ድንጋጌ

ዘመናዊው መንግሥት ነገሩን በሕግ ለመወሰን የሞከረው በነሐሴ 1936 ዓ.ም. በወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ ነው። አገሩን ለሁለት ከፈለው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በጸናበት ክልል ሚሲዮን ሐኪም ቤት ወይም ትምህርት ቤት መክፈት ይችላል፤ ምእመን ወደ ራሱ እምነት መሳብ ግን አይችልም። በ"ክፍት" ክልሎች መስበክ ተፈቅዶለታል። አዲስ አበባም እንደ ክፍት ክልል ተቆጠረች። የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆንና ሚሲዮናውያኑ በፖለቲካ እንዳይገቡም ተደነገገ።

መንግሥት በዚህ መንገድ ሐኪሙንና መምህሩን አገኘ፤ ቤተ ክርስቲያን ርስቷን አስጠበቀች፤ ሚሲዮኖችም ደቡብንና ምዕራብን አገኙ። ሳይታሰብ የቀረው አንድ ነገር ነው። ሰው ባለበት አይቀመጥም፤ ይልቁንም ተማሪ። ከወላይታ፣ ከወለጋ፣ ከሐረር አዲስ አበባ የሚመጣ ተማሪ ካርታውን በእግሩ አፈረሰው።

እንግሊዝኛ የተማሩ ልጆች

ወጣቱ ጋ የተደረሰው ብዙ ጊዜ በስብከት ሳይሆን በእንግሊዝኛ በኩል ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ናዝሬት የሜኖናይት ሚሲዮን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ነበረው። የከተማው ተማሪዎች ፈተና ለማለፍ እንግሊዝኛ ይፈልጉ ነበር፤ ሚሲዮናውያኑ ዘንድ ያለው ማስተማሪያ ደግሞ የዮሐንስ ወንጌል ነበር። ከዚያ ጥናት "ሰማይ ብርሃን" የተባለው የወጣቶች ስብስብ ወጣ። በዚያው ሰሞን የሐረርና የአዲስ አበባ ተማሪዎችም በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ፤ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ሥሩ እዚህ ነው። በ1959 ዓ.ም. ዕውቅና ጠይቀው ተከለከሉ፤ በኋላም ብዙዎቹ ታሰሩ።

በጃፓንም መንገዱ ይኸው ነበር። እገዳው በ1873 እ.ኤ.አ. ከላላ በኋላ አሜሪካዊው መምህር ዊሊያም ክላርክ በ1876 እ.ኤ.አ. ሳፖሮ ላይ ለስምንት ወር ያህል ብቻ እርሻ አስተማረ፤ ተማሪዎቹ በክርስቶስ የማመን ቃል ኪዳን ፈረሙ። ከቀጣዩ ዙር ተማሪዎች አንዱ የነበረው ኡቺሙራ ካንዞ አድጎ ከምዕራባውያን ሚሲዮኖች ያልተጠጋ ክርስትና መሠረተ። ነገር ግን ጃፓን ውስጥ ክርስቲያኑ እስከ ዛሬ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. አይተውት የተደነቁት፣ ከበደ ሚካኤልም "ጃፓን እንደምን ሠለጠነች" ሲሉ የጻፉለት አገር ከምዕራቡ ትምህርቱን ወስዶ ሃይማኖቱን ተወው።

እኛ ዘንድ ለምን ተለየ? አንዱ መልስ ሚሲዮናውያኑ በሌሉበት ዘመን የሆነው ነው። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. የወላይታን ሚሲዮናውያን ሲያስወጣ የተጠመቁት ሰዎች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ሚሲዮኑ እንደሚተርከው ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ አማኙ በሺዎች ይቆጠር ነበር። በደርግ ዘመንም እንዲሁ። በ1974 ዓ.ም. ከሜኖናይት ሚሲዮን የወጣችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ አባሎቿ አምስት ሺህ ያህል ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. በሯ ሲከፈት ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰዎቹ በየሳሎኑ መጋረጃ ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ፈረንጅ አልነበረም። የቆጠራ ውጤቱም ይኸውና፦ ፕሮቴስታንቱ በ1987 ዓ.ም. ከመቶ 10 ገደማ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ከመቶ 18.6 ደረሰ። ኦርቶዶክሱ በአንጻሩ ከመቶ 50.6 ወደ 43.5 ወረደ።

የቅሬታው ሚዛን

ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ እውነተኛ ሕመም አለ። ኦርቶዶክሳዊት እናት ልጇ "ጴንጤ ሆኛለሁ" ሲላት የምትሰማው የእምነት ለውጥ ብቻ አይደለም፤ ክርስትና ስሙን፣ ጾሙን፣ ማኅበሩን፣ የአያቱን መቃብር የተወ ይመስላታል። ብዙዎች የሚያነሱት ሌላው ቅሬታ ምግብ፣ ትምህርትና ሕክምና ማባበያ ሆነዋል የሚል ነው። በሌላው ወገን ደግሞ በዱላ የተባረረ፣ ከቤት የወጣ፣ መቀበሪያ የተከለከለ አለ። ሁለቱም በየቤቱ የሚታወቅ ነው።

ኦርቶዶክሱም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የሰንበት ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ፤ በብላቴ ማሠልጠኛ የተገናኙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጠነሰሱት ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ተቋቋመ። ዛሬ በየግቢ ጉባኤው ተማሪ የሚያስተምረው እሱ ነው። ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን ራሷም ሚሲዮናዊ ልካለች፤ በ1962 ዓ.ም. ወደ ጃማይካ የሄዱት፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት የራስታ ወጣቶችን አስተምረው አጥምቀዋል፤ ቦብ ማርሊም ከተጠመቁት አንዱ ነው። ወንጌላውያኑም ዛሬ የራሳቸውን ሰዎች ባሕር ማዶ ይልካሉ።

መከራውም የጋራ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ክረምት፣ በሳምንታት ልዩነት፣ ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳን ገደለ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው።

ዛሬ ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የክልል ካርታውን ትቶታል። አንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ ነፃነት አለው ይላል፤ ማስገደድን ይከለክላል፤ ወላጆችና አሳዳጊዎችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት አላቸው። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዝዛል። ስለዚህ በሕግ ፊት ጥያቄው ከመሬት ወደ ዕድሜ ዞሯል፦ ልጁ የወላጁ የሚሆነው እስከ መቼ ነው? የራሱ የሚሆነውስ ከመቼ ጀምሮ? ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህንን የሚመልስለት አንቀጽ የለም። የሚመልሱት ቤቱና እሱ ናቸው።

ሚኒባሱ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ይቆማል። ልጁ ቀድሞ ይወርድና የእናትን ዘንቢል ይቀበላል። "የማን ልጅ ነህ?" ላሉት የአባቱን ስም ከነአያቱ ይነግራቸዋል። ያውቁታል፤ የሠፈራቸው ሰው ነው። ስለ ጊታሩ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ዘንቢሉን አሸክመውት ወደ ቤታቸው ይወጣሉ።