የተተኮሰ ቀለህ ለምን ይለቀማል?

ጥይት የአራት ነገሮች ድምር ነው፤ አረር፣ ባሩድ፣ ፕራይመር የምትባለው እሳት ጫሪና እነዚህን ሁሉ አቅፎ የሚይዘው ቀለህ። ምላጩ ሲሳብ ሦስቱ ያልቃሉ። አረሩ ዒላማው ጋ ይቀራል፣ ባሩዱ ነዶ ጋዝ ይሆናል፣ ፕራይመሯም አንዴ ከተመታች አበቃላት። ቀለሁ ግን ትንሽ ከመጥቆሩ በቀር እንዳለ አለ። አሜሪካ ውስጥ ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ጎራ ያለ ሰው፣ ተኳሾቹ ሲጨርሱ አጎንብሰው መሬት ለመሬት ሲለቅሙ ካየ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ቤት ወስደው ያጥቡታል፣ ቅርጹን ያስተካክሉታል፣ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ያደርጉበትና መልሰው ይተኩሱታል። የተረፋቸውን ደግሞ ይሸጣሉ፣ ይለዋወጣሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ በዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ቀለሁ ነው። ስለዚህ እሱን ጥሎ ሌላ መግዛት፣ ብዙ ለሚተኩስ ሰው፣ ኪስ የሚጎዳ ነገር ነው።

የቀለህ ነሐስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ ቀለሁን ወደ ጎን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠው ግድግዳ ጥይቱ ከተቀመጠበት የሽጉጡ ጉድጓድ ጋር ግጥም ይልና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳያመልጥ ይዘጋል። ግፊቱ እንዳለፈ ደግሞ ነሐሱ ጥቂት ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ያቺ ጥቂት መሰብሰብ ባትኖር ቀለሁ እጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ ይቀር ነበር። የብረት ቀለህም የአሉሚኒየም ቀለህም አለ፤ ርካሽ ናቸው፤ ግን እንደ ነሐስ ደጋግሞ መለጠጥንና መሰብሰብን ስለማይችሉ መልሶ የሚሞላ ሰው ወደ ጎን ያደርጋቸዋል። የብረቱን በማግኔት መለየት ይቻላል፤ አሉሚኒየሙን ክብደቱና መልኩ ያጋልጡታል።

ቀለህ መልሶ መሙላት ከሁሉ የሚመቸው ለሪቮልቨር፣ ማለትም ለስድስት ጎራሹ ሽጉጥ ነው። አውቶማቲክ ሽጉጥ በተኮሰ ቁጥር ቀለሁን አሽቀንጥሮ ሣር ውስጥ ይወረውራል፤ ግማሹ ይጠፋል፣ ግማሹ ይረገጣል፣ የተገኘውም የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሪቮልቨር ግን ቀለሆቹን እተሽከርካሪው ሲሊንደር ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። ባለቤቱ ሲሊንደሩን ከፍቶ ዘንጓን ሲገፋት ስድስቱም በአንድ ጊዜ እመዳፉ ላይ ይወድቃሉ። ስንት ጊዜ እንደተተኮሱ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተሞሉ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ወደ ገበያው ስንደርስ እናየዋለን።

አንድ የነጥብ 38 ስፔሻል ቀለህ እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩ። ይህ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ሽጉጥ አምራች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ያወጣው፣ ለአሥርተ ዓመታት በአሜሪካ ፖሊሶች ወገብ ላይ የኖረ ጥይት ነው። ርዝመቱ 29 ሚሊ ሜትር ከምናምን፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ፣ ሥሩ ላይ ደግሞ ወጣ ያለ ከንፈር አለው፤ ሲሊንደሩ ላይ የሚንጠለጠለው በዚያ ከንፈር ነው። ገልብጣችሁ ሥሩን ስታዩ የአምራቹ ምልክትና የጥይቱ ዓይነት ዙሪያውን ተቀርጿል። መካከል ላይ ፕራይመሯ አለች፤ የሽጉጡ መምቻ ያጎደጎዳት ነጠብጣብ ትታያለች። አሁን በአፉ በኩል ወደ ውስጥ በብርሃን ተመልከቱ። ከታች መካከል ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ካለች ደስ ይበላችሁ። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ጎንና ጎን ካሉ ቀለሁን ከሚጣለው ጋር ቀላቅሉት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኤድዋርድ ቦክሰር የተባለው የእንግሊዝ መኮንንና ሃይራም በርዳን የተባለው አሜሪካዊ በአንድ ዓመት፣ በ1866 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሁለት የተለያዩ የፕራይመር አሠራሮችን በስማቸው አስመዘገቡ። የቦክሰር ቀለህ አንድ የመካከል ቀዳዳ ስላለው ቀጭን ዘንግ ከውስጥ ገብታ ያገለገለችውን ፕራይመር ገፍታ ታስወጣታለች። የበርዳኑ ሁለት ቀዳዳ ግን ለዘንጓ መግቢያ አይሰጣትም። የሚያስቀው፣ አሜሪካ የእንግሊዙን ስትወስድ አብዛኛው አውሮፓ የአሜሪካዊውን መውሰዱ ነው። ዛሬ ጥይት መልሶ መሙላት የአሜሪካኖች የጓሮ ሥራ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሥራው ራሱ ብዙ ምሥጢር የለውም። ቀለሆቹ ከተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም ዋልነት የሚባለው ፍሬ ቅርፊት ጋር በሚንቀጠቀጥ ዕቃ ውስጥ ለሰዓታት ይታሻሉ፤ ሌሎች በውኃ፣ በሳሙናና በጥቃቅን የብረት መርፌዎች ያጥቧቸዋል። ከዚያ በእጅ በሚሳብ መጭመቂያ ላይ ዳይ በሚባለው ቅርጽ ማስያዣ ውስጥ ይገባሉ፤ ተለጥጦ የነበረው ግድግዳ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ አሮጌዋ ፕራይመርም በዚያው ትወጣለች። የሪቮልቨር ቀለህ ግድግዳው ቀጥ ያለ በመሆኑ ካርባይድ ከሚባለው ጠንካራ ቁስ የተሠራ ዳይ ከተገኘ ዘይት መቀባት እንኳ አያስፈልገውም፤ ጠርሙስ መሳይ አንገት ካለው የጠመንጃ ቀለህ ጋር የታገለ ሰው ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ይገባዋል። ቀጥሎ አፉ ትንሽ ይከፈታል፣ ፕራይመር ይገባል፣ ባሩድ ይሰፈራል፣ አረሩ ይቀመጣል፣ በመጨረሻ አፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ አረሩን ይነክሳል። ይህ ንክሻ ለሪቮልቨር የግድ ነው። አንዱ ሲተኮስ የቀሩት አምስቱ በሽጉጡ ርግጫ ይናጣሉ፤ ያልተነከሰ አረር እየተንፏቀቀ ወደ ፊት ይወጣና ሲሊንደሩ እንዳይዞር ይቀረቅረዋል።

 ይህን ሥራ ግን ከማዕድ ቤት አውጡልኝ። ብዙ ፕራይመሮች የእርሳስ ውሕድ አለባቸው፤ ቀለሁ ሲታሽ የሚነሣው ብናኝ ያንን እርሳስ ይዞ ይነሣል። በተለይ ለልጆች መርዝ ነው። ይህን ሥራ የሚያውቁት ጋራዥ ውስጥ ይሠሩታል፣ ጭምብል ያደርጋሉ፣ ሳይታጠቡ እህል አይነኩም።

ሌላው አደጋ ከነጥብ 38 ስፔሻል ዕድሜ የመጣ ነው። ቀለሁ ልኩን የወረሰው ከጥቁር ባሩድ ዘመን ነው። ጥቁር ባሩድ ቦታ ይበላል፤ የዛሬው ጢስ አልባ ባሩድ ግን በጥቂቱ ብዙ ኃይል ስላለው ቀለሁ ውስጥ ከሥር ብቻ ትንሽ ሆኖ ይቀመጣል። እንግዲህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ስልክ አናግሮ ሲመለስ አንዱን ቀለህ ሁለት ጊዜ ቢሰፍርበት ሞልቶ አይፈስም፣ ምንም አይታይም። ሲተኮስ ግን ሽጉጡ ሊፈነዳ ይችላል። በተቃራኒው ባሩድ የሚባል ያልገባበት ጥይት በፕራይመሯ ኃይል ብቻ አረሩን አፈሙዙ ውስጥ ወትፎ ያስቀረዋል፤ ተከታዩ ጥይት ከኋላው ሲመጣ ሌላ ጥፋት ነው። ስለዚህ ስፍሩን ከወዳጅ አፍ መቀበል አይገባም፤ የባሩድ አምራቾቹ ፈትነው የሚያሳትሙት ሰንጠረዥ አለ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥም የስፍር ቁጥር አትፈልጉ።

ቀለህ ዘላለማዊ አይደለም። ሽቦን ደጋግማችሁ ስታጥፉት መጀመሪያ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰበራል፤ ነሐስም እንዲሁ ነው። በእያንዳንዱ ዙር አፉ ይከፈታል፣ ይነከሳል፣ ይለጠጣል፣ ይጨመቃል። አንድ ቀን ከአፉ ወደ ታች የፀጉር ያህል የቀጠነች ስንጥቅ ትታያለች፤ ያኔ ዕድሜው አልቋል። ለዚህም ነው ዝቅተኛ ግፊት ያለው ነጥብ 38 ስፔሻል የሚወደደው። በአሜሪካ የኢንዱስትሪው ደንብ ከፍተኛው ግፊቱ በካሬ ኢንች 17,000 ፓውንድ ሲሆን የኃይለኛው ዘመዱ የነጥብ 357 ማግነም ደግሞ 35,000 ነው። ግማሹን ግፊት የሚሸከም ቀለህ ብዙ ዙር ቢቆይ አይገርምም።

ስንጥቅ ግን በመተኮስ ብቻ አይመጣም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ጥይቱን በዝናብ ወቅት በፈረስ ጋጣዎች ያከማች ነበር። አንድም ጥይት ሳይተኮስ ቀለሆቹ በየሳጥናቸው ተሰነጣጥቀው ተገኙ። ብዙ ቆይቶ በ1921 ምክንያቱ ታወቀ፤ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ በሥራ ጊዜ ከውስጥ የተወጠረውን ነሐስ ይሰነጥቀዋል። ዛሬም ቀለህ ያብለጨልጫል ብሎ አሞኒያ ባለበት የነሐስ መወልወያ የሚያሽ ሰው ያንኑ ስሕተት ይደግማል።

አሁን ወደ ገበያው። ባዶ ቀለህ በቁጥር ወይም በክብደት ይሸጣል፤ አንድ ኪሎ ነጥብ 38 ስፔሻል ከ200 በላይ ፍሬ ይወጣዋል። ልውውጡ ቀላል ነው፤ ነጥብ 44 ሽጉጡን የሸጠ ሰው የተጠራቀመውን የ44 ቀለህ ሰጥቶ በምትኩ 38 ይወስዳል። ገበያው ላይ ከሁሉ የሚወደደው ቃል «አንድ ጊዜ ብቻ የተተኮሰ» የሚለው ነው። ግን ማን ያረጋግጣል? የታጠበ ቀለህ ሁሉ አዲስ ይመስላል። ገዢው የሚገዛው ነሐሱን ብቻ አይደለም፤ የሻጩን ቃል ጭምር ነው። እኔ ብሆን አብለጭልጮ ከቀረበልኝ ይልቅ አሮጌዋ ፕራይመር ሳትነሣ፣ ሳይታጠብ እንደ ተተኮሰ የቀረበውን እመርጣለሁ። የፋብሪካ ፕራይመር ብዙ ጊዜ ዙሪያዋን በቀለም የታሸገች ናትና ያ ቀለም ካለ የሻጩ ቃል ምስክር አገኘ ማለት ነው።

የተደባለቀ ከረጢት ሲገዛ መለየት ግዴታ ነው። ነጥብ 357 ማግነም ከነጥብ 38 ስፔሻል የሚለየው 3 ሚሊ ሜትር በምትሆን ርዝመት ብቻ ነው። ነጭ መልክ ያለው በኒኬል የተለበጠ ነው፤ ቆዳ ቀበቶ ላይ ቢሰነብት አረንጓዴ ዝገት አያወጣም፣ ግን አፉ ቶሎ ይሰነጠቃል ይባላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ሥራቸው ስስ የሆነ ቀለሆችም አንዳንዴ ከአያት ሣጥን ይወጣሉ፤ ለሰብሳቢ እንጂ ለተኳሽ አይሆኑም።

ይህ ገበያ ምን ያህል ስሜት እንዳለው የታየው በ2009 ነው። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ቀለሆቹን ጨፍልቆ፣ ለብረታ ብረት ብቻ እንዲውሉ አድርጎ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ተኳሾች ጮኹ፤ ሁለቱ የሞንታና ሴናተሮች ጆን ቴስተርና ማክስ ባውከስ ደብዳቤ ጻፉ፤ ውሳኔውም ብዙ ሳይቆይ ተነሣ።

እኛ አገር ጥይቱ ራሱ ገንዘብ ሆኖ ያውቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መባቻ የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን የማርያ ቴሬዛ ብር መዘርዘሪያ ነበር። በዘመናችን ደግሞ እንጦጦ አካባቢ ያሉ ሴቶች ከቀለጠ የተተኮሰ ቀለህ የሚሠራ ዶቃ ወደ ውጭ ገበያ አውጥተዋል።

ሕጉን በአጭሩ፤ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለራሱ የሚሞላ ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሞልቶ ለሽያጭ የሚያቀርብ ግን የአምራች ፈቃድ ያስፈልገዋል። አሜሪካ ሜዳ ሄዳችሁ ለማስታወሻ አንድ ሁለት ቀለህ ያነሣችሁ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ስትበሩ ከሻንጣና ከኪስ አውጧቸው። የመፈተሻው ማሽን የሚያየው የጥይት ቅርጽ ነው፤ ባዶ መሆኑን ማስረዳቱ የእናንተ ዕዳ ይሆናል።